ጥቆማ፦ ደሴ ላይ የጡት ጫፍ ቅባት ከየት ልግዛ?

የ9 ቀን አራስ፦ ሰላም እህቶች። የጡቴ ጫፍ ተሰንጥቆ ደም አወጣ። ልጁ ሲይዘው ጥርሴን ነክሼ ነው የማጠባው። ላኖሊን የሚባለው ቅባት ይሻላል ወይስ የሲሊከን መሸፈኛው? የት አለ? አማቴ ለጋ ቅቤ ቀቢ እያሉኝ ነው።

የሙጋዷ፦ አብሽሪ፣ ያልፋል። ላኖሊን ግዢ። ንጹሁ ከሆነ ከማጥባትሽ በፊት መጥረግ አያስፈልግሽም። እኔ ግን ከአንድ ፋርማሲ ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የቆየ ዘይት ይሸታል። የዋጋውን ወረቀት በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ቀኑ አልፎበታል! ልመልስ ብሄድ "ተከፍቷል" አሉኝ። ሳልከፍተው እንዴት ላሽትተው?

ፒያሳ ነኝ፦ የእኛ ሰፈሩን ከሆነ ውሸት ነው። ሦስት ልጅ አሳድጌበታለሁ። ባለቤቱ ሰው አክባሪ ነው።

የሙጋዷ፦ ሰው አክባሪነቱ ቅባቱን አያድሰውም።

ከኮምቦልቻ፦ ወተት እንዲበዛልሽ አጥሚት ጠጪ እህቴ።

ፒያሳ ነኝ፦ ደግሞ ቀኑን ሳያዩ መግዛት የማን ጥፋት ነው?

አባወራው፦ ሴትዮዋ ጡቷ እየደማ እናንተ ችሎት ተቀመጣችሁ። ዳኛ ይጠራ ወይስ አስታራቂ ሽማግሌው አባጋር?

የሐይቋ፦ ማር ቀቢበት፣ ቁስል ያደርቃል።

አዋላጅ ነርስ፦ ማር በፍጹም! ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ አደገኛ ነው። ቅባቱም ቢሆን ሁለተኛ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆስለው አያያዙ ነው። ጫፉን ብቻ ከያዘ ያኝከዋል። አፉን እንደሚያዛጋ ሰው ሲከፍት ጠብቂና ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው፤ አንቺ አትጎንበሺለት። ጥቁሩንም ክብ ይጉረስ፣ አገጩ ጡትሽን ይንካ፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ። ካመመሽ አትንጠቂው። ትንሿን ጣትሽን ታጥበሽ በአፉ ጥግ አስገቢ፣ ይለቅልሻል። ሲለቅ ጫፉ ተጨፍልቆ ከወጣ እንደገና አስይዢው። ጡትሽን በሳሙና አትጠቢ፣ ያደርቀዋል። ካጠባሽ በኋላ የራስሽን ወተት ጠብታ ቀብተሽ አናፍሺው።

የ9 ቀን አራስ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ከጠባ በኋላም እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ምላሱ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ወተት ነው ብዬ ነበር።

አዋላጅ ነርስ፦ ወተት ከሆነ በንጹህ ጨርቅ ሲጠረግ ይለቃል። ካልለቀቀ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሁለታችሁም ጤና ጣቢያ ታዩ። ለእሱ ብዙ ጊዜ የኒስታቲን ጠብታ፣ ለአንቺ የሚቀባ ያዛሉ። አንዳችሁ ብቻ ከታከማችሁ ፈንገሱ ከአንዳችሁ ወደ ሌላችሁ መልሶ ይተላለፋል። ጡትሽ ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ከያዘሽ ደግሞ እንዳታድሪ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ማጥባቱን ግን አታቁሚ።

ከኮምቦልቻ፦ ሲሊከኑ ስንት ነው? ኮምቦልቻ የሚያመጣ አለ?

ፒያሳ ነኝ፦ እኛ ሰፈር ኒስታቲንም አለ። ሂጂና እኔ ልኬሽ ነው በይው።

የሙጋዷ፦ ወረቀቱን ልጠሽ እዪ ብቻ።

አባወራው፦ እና ምን ገዛሽ?