የማናውቀውን ፕሮክሲ ለዘመድ መላክ ልክ ነው?

ቀበና፦ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘግተው በነበረ ጊዜ የተዘጋውን ያስከፍታል የተባለ ያገኘነውን ፕሮክሲና ቪፒኤን ሁሉ እናትና አባታችን ስልክ ላይ ሳይቀር ስንጭን ከረምን። ልማዱ አልቀረም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ለሰው መላክ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሰባራ ባቡር፦ የተዘጋው እኮ እንጀራችን ነው! ልብስ የምሸጠው በቴሌግራም ነው። ያኔ ፕሮክሲ ባይኖር የሱቅ ኪራዬን ማን ይከፍልልኝ ነበር?

ቀበና፦ ገብቶኛል ወንድሜ። ግን ፕሮክሲ ማለት መሃል የገባ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው፤ ከቴሌ የደበቅከውን ለእሱ ታሳየዋለህ። በነፃ የሚሰጥህስ በምን ይኖራል? ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው ኦናቮ የሚባል ነፃ ቪፒኤን "እጠብቅሃለሁ" እያለ ሰዉ የትኛውን አፕ እንደሚከፍት ለፌስቡክ ያቀብል ነበር። ሆላ የሚባለው ሌላው ነፃ ቪፒኤን ደግሞ ባሰ። የተጠቃሚውን ኢንተርኔት ለሌላ ሲሸጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ተጋለጠ፤ የማታውቀው ሰው በአንተ አድራሻ የፈለገውን ይሠራል ማለት ነው።

ኬብል ጎታች፦ ሁሉን አንድ ላይ አትጨፍልቁት እንጂ። የቴሌግራሙ ኤምቲፕሮቶ ፕሮክሲ የሚያሳልፈው ቴሌግራምን ብቻ ነው፣ መልእክቱም ተመስጥሮ ስለሚያልፍ ባለቤቱ አያነበውም። የአይፒ አድራሻህን (የኢንተርኔት መለያ ቁጥርህን) እና መቼ እንደገባህ ግን ያያል። የባለቤቱ ክፍያም ቻት ዝርዝርህ አናት ላይ የሚለጠፈው የስፖንሰር ቻናል ነው። ቪፒኤን ግን የስልክህን ትራፊክ በሙሉ ነው የሚወስደው። "ሰርተፍኬት ጫን" ካለህ ደግሞ ቶሎ ውጣ፤ እሺ ካልክ የተቆለፈውንም ፈትቶ ሊያነብ ይችላል።

ሰባራ ባቡር፦ ይኸው! ባለሙያው ተናገረ።

የዲሲዋ፦ ያኔ ለእናቴ ሊንክ የላክኩላት እኔ ነኝ። "ደህና ነሽ ወይ" የምንባባለውን ማንም ቢሰማው ምን ያደርግለታል?

ቀበና፦ እህቴ፣ እሱስ ምንም። ግን እዚያው ስልክ ላይ ሞባይል ባንኪንግ አለ፣ እናትሽ ደግሞ "ፍቀድ" ያላትን ሁሉ ነው የምትጫነው።

ኬብል ጎታች፦ ውጭ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ ለምን የራስሽን አትከፍቺም? ትንሽ ሰርቨር ተከራይተሽ አውትላይን የሚባለውን የራስ ቪፒኤን መክፈቻ ጫኚበት፣ ቁልፉን ላኪላት። የሰርቨሩ ባለቤት አንቺው ነሽ።

ሰባራ ባቡር፦ ዲሲ ዘመድ የሌለንስ?

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ሰኔ 2012 ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሲቋረጥ የትኛውም ፕሮክሲ አልሠራም። ይሄ ሁሉ የሚጠቅመው መስመሩ ካለ ነው።

ቀበና፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። ሰባራ ባቡር፣ አንተም የቴሌግራሙን ላክ፣ አልከለክልህም። ምንጩ የማይታወቀውን ነፃ ቪፒኤን ግን ለደንበኞችህ አትበትን።

ሰባራ ባቡር፦ ቴሌግራም ብቻ ቢዘጋ እሺ። ቲክቶክም ሲዘጋስ ምን ልላክላቸው?