ልጄ ያነበንባል እንጂ አያነብም

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሲያወርደው ጎረቤት ሁሉ ያደንቅለታል፤ እኔም እኮራ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሲያነብልኝ በስህተት ሁለት ቅጠል አብሬ ገለጥኩ። እሱ ዓይኑን አዲሱ ገጽ ላይ ተክሎ የዘለልነውን ገጽ አንድ ቃል ሳያጎድል «አነበበልኝ»። ጮህኩበት፤ ምን ልደብቃችሁ። ትምህርት ቤቱ አስጠኚ ቅጠሪ ይለኛል። ለገሃር ባንክ ውስጥ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ የምገባው ማታ አንድ ሰዓት ነው፤ የራሴ ደመወዝ ደግሞ አስጠኚ አይችልም። ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ጡረተኛ መምህር፦

ልጄ፣ ልጅሽ ሰነፍ አይደለም። የጎዳው የማስታወስ ችሎታው ነው፤ አፉ ዓይኑን ቀድሞታል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ያውቁ ነበርና ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ያስቆጥሩን ነበር፦ አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ። እርግጥ እሱም ይሸመደዳል። ስለዚህ ወፍራም ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ቅደጂና በገበታው ላይ ከዚህም ከዚያም አሳርፊው። የሳተውን ጽፈሽ ያዢ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ በአንድ ማታ ከአምስት አትለፊ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሳድስ ነው። ካዕብ አብዛኛው ከወገቡ በስተቀኝ ቅጥያ ያወጣል፤ ሩ እና ፉ ናቸው የሚያምፁት። ሳድስ ግን ቅርጹ ደንብ የለውም፣ ድምፁም አንዴ ይሰማል አንዴ ይዋጣል። «ትምህርት» አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። እንዲህ ያሉትን ቃላት ለይተሽ አለማምጂው።

የሦስት ልጆች አባት (ካዛንችስ)፦

እህቴ፣ ፊደሉን ለይቶም ቃሉን ሊስት ይችላል፤ ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይምና። የእኔዋ «ገና አልደረሰም» የሚለውን በዓሉ መስሏት አጥብቃ አነበበችውና በዓሉ መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ አንቺ አንብቢለት፣ ከዚያ እሱ ይከተል። በየስህተቱ አታቋርጪው። ዓይኑንም አስመርምሪ፤ የእኛ ግማሹ ችግር እሱ ነበር።

የአራት ኪሎ ልጅ፦

ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰጂው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደጃፍሽ ላይ አለልሽ። መጽሐፉን እሱ ይምረጥ፣ የሸመደደው እንዳይሆን ብቻ።

ጠያቂ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያ ቀዳዳ ጉድ አወጣብኝ፤ ልጄ የማይለያቸው ሠላሳ አራት ፊደላት ተገኙ፣ አብዛኞቹም እንዳሉት ሳድስ። ማታ ማታ አምስት አምስት እያልን ነው። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ እተወዋለሁ።

ትናንት ወደ ፒያሳ በእግር ስንሄድ አንድ የቆርቆሮ አጥር ዘንድ እጄን ለቆ ቆመ። በቀይ ቀለም የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ፦ «እዚህ... ቦታ... መሽናት... ክ... ል... ክ... ል...» አለና ትንሽ አሰበ። ከዚያ መንገዱ እስኪሰማ «ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸ። ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዙረው የቆሙ አንድ ሰውዬ ሱሪያቸውን እንደያዙ ሄዱ።