ድንጋይ ቤት፣ ሶሌታ፣ ከጀርባ ሰርቪስ፦ ሦስት ፍሬ ሜሽ ዋይፋይ ይበቃኛል?

የማራኪው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው። ምድር ቤቱን አባቴ በድንጋይ ያሠራው ነው፣ በኋላ ሶሌታ ሞልተን አንድ ፎቅ በብሎኬት ጨመርንበት። ከጀርባ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምናከራያቸው አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ፋይበር ገብቶልናል፣ 25 ሜጋ። ሞደሙ ፎቅ ላይ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው፣ ልጆቹ መስመሩን ሲያስገቡ እዚያው ሰክተውት ሄዱ።

አጠገቡ ሆኜ ስለካው 24 ይላል። ምድር ቤት እናቴ ክፍል 2፣ ሲቀናው 3። ሰርቪስ ጋ የዋይፋዩ ስም ራሱ አይታይም። እናቴ አሜሪካ ካለው ወንድሜ ጋር በቪዲዮ ለማውራት ደረጃው ላይ ወጥታ እዚያው ትቀመጣለች፣ ጉልበቷን ደግሞ ያማታል። ወንድሜ ይሄን ሲያይ «ባለ ሦስት ባንድ ሜሽ፣ ሦስት ፍሬ ልላክልህ» አለኝ፤ ሜሽ ማለት እርስ በርስ እየተቀባበሉ አንዱን ዋይፋይ ቤቱን ሁሉ የሚያዳርሱ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ይላክ ወይስ እዚሁ የሚሆን ነገር አለ?

ሽቦ ዘርጊው፦
ከመግዛትህ በፊት ሞደሙን ከዚያ ቴሌቪዥን ጀርባ አውጣው። በነጻ ነው። ቴሌቪዥን ውስጡ ብረት አለው፣ ሞገዱን ይመልሰዋል። ቀጭኗን የፋይበር ገመድ እንዳታጥፋት ብቻ ተጠንቀቅ፣ ውስጧ መስታወት ነው፣ ከተሰበረች ጣጣ ነው።

አሁን ስለ ቤትህ። ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት መንገድ (ባንድ የሚሉት ይሄን ነው) ይሄዳል፣ 2.4 ጊጋ ኸርዝ እና 5 ጊጋ ኸርዝ። 5ቱ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ አይወድም። ድንጋይ ሲያገኝ ይሞታል። ሶሌታህ ደግሞ በውስጡ ፌሮ አለው፣ ብረት እንደ መረብ የተዘረጋበት ኮንክሪት ማለት ነው፣ ስለዚህ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ቀጥ ብሎ ከሚወርደው ይልቅ በደረጃው ክፍተት ዞሮ የሚወርደው ይበልጣል። እናትህ ደረጃው ላይ የሚቀመጡት ወደው አይደለም፣ ሲግናሉ የሚፈስበትን ቦታ አግኝተውት ነው።

ባለ ሦስት ባንድ ግን አያስፈልግህም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በባለ ሁለት ባንድ ሜሽ፣ ሁለተኛዋ ፍሬ ከዋናዋ በምትቀበልበት ሞገድ ነው መልሳ ለስልክህ የምትልከው፣ ስለዚህ ፍጥነቱ በግማሽ አካባቢ ይወርዳል። ባለ ሦስት ባንድ አንዱን መንገድ ለእርስ በርስ ወሬያቸው ብቻ ይለያል። ጥሩ ነገር ነው፣ 500 ሜጋ መስመር ላለው ሰው። ያንተ 25 ነው! ዋይፋዩ በአየር 200 ቢያመጣ ግማሹ 100፣ 100 ቢያመጣ ግማሹ 50፣ አሁንም ካንተ መስመር ይበልጣል። ወንድምህ በዚያ ብር ለእናትህ የጉልበት መድኃኒት ይላክ።

ደግሞ ሜሽ መስመርህን አያፈጥነውም። 25ቱን ነው ቤቱ ውስጥ የሚያዳርስልህ።

የፒያሳዋ፦
እኔ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ እንግዳ ማረፊያ አለችኝ፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ቤት ነው፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይሆናል። ፋሲል ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ያስገባሁ ነው የመሰለኝ። ሦስት ፍሬ ገዛሁ። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሁለተኛዋን ሲግናል ጭራሽ በማይደርስበት መጨረሻ ክፍል ሰካኋት። እዚያ አይደል የጠፋው ብዬ! ስልኩ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ያሳያል፣ ኢንተርኔት የለም። ለጥምቀት እንግዶች ሞልተውብኝ፣ አንዱ እየመጣ «ሙሉ ነው ግን አይሠራም» ሲለኝ እኔ ስልኩን ነበር የምወቅሰው።

ለካ ያቺ ፍሬ ራሷ መቀበል አለባት። ያልደረሳትን ከየት አምጥታ ትሰጣለች? ባለሙያ መጥቶ መሃል ኮሪደር ላይ፣ ከበሩ ትይዩ፣ አወጣልኝ። በዚያው ቀን ተስተካከለ። የሚጠፋበት ቦታ ሳይሆን ሊጠፋ ሲል ያለው ቦታ ላይ ነው የምትቀመጠው። እና ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳትደብቋት፣ አታምርም ብዬ እሱንም አድርጌዋለሁ 😂

አዘዞ ነኝ፦
ለምን ሜሽ? ሁለት ተራ ራውተር ግዛ፣ በኬብል አያይዛቸው፣ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ማሰራጨት ብቻ የሚሠራ) አድርጋቸው፣ ስምና ፓስወርዱን አንድ አድርግ፣ አለቀ። እኔ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የምጠቀመው። ዲኤችሲፒውን (ለየስልኩ አድራሻ የሚያድለውን) ማጥፋት ብቻ እንዳትረሳ፣ አለበለዚያ ሁለት ራውተር አድራሻ ማደል ይጀምርና ይጣላሉ።

ሽቦ ዘርጊው፦
አዘዞ፣ ልክ ነህ፣ ይሠራል። ችግሩ ስልክ የያዘውን አይለቅም። ከፎቅ ወርደህ ምድር ቤት ገብተህ እንኳ የፎቁን አንድ መስመር ሲግናል የሙጥኝ ይላል። ሜሹ በኬ፣ ቪ እና አር በሚባሉት ደንቦች «አጠገብህ የተሻለ አለ፣ ሂድ» ብሎ ይጠቁመዋል፣ ስልኩም የሚደግፍ ከሆነ ይሰማል። ቁጭ ብሎ ለሚያጠና ተማሪ ይሄ ምንም አይደለም። ስልክ እያወሩ ቤት ለቤት ለሚዞሩ እናት ግን ለውጥ አለው።

የማራኪው ልጅ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ሁለት ወይ ሦስት ፍሬ፣ ተራ ባለ ሁለት ባንድ ሜሽ። የኬብል ቀዳዳው ግን ጊጋቢት (1000 ሜጋ) ይሁን፣ ርካሾቹ 100 ሜጋ ናቸው፤ ለዛሬው 25 ይበቃሉ፣ ፓኬጅ ስታሳድግ ነው የሚቆጭህ። ለምሳሌ ከቲፒ ሊንክ ዴኮ ኢ4 ቀዳዳው 100 ነው፣ ኤም4 ጊጋቢት ነው። ከተለያየ ካምፓኒ አትቀላቅል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይግባቡም።

ሰርቪስ ቤቱን ግን በአየር አትሞክረው። ድንጋይ፣ ግቢ፣ ቆርቆሮ፣ እንደገና ብሎኬት። ኬብል ዘርጋለት። ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ የናንተ ግቢ 30ም አይሞላ። ሲገዙ ሙሉ መዳብ መሆኑን እዩ፣ አሉሚኒየም ላይ መዳብ ቀብተው የሚሸጡት አለ፣ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት፣ ነጭ ከወጣ መልሱት። በቱቦ አድርገህ ቅበረው፣ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ እንዳታስገባው። በአየር ላይ አንጠልጥለኸው ክረምት መጥቶ መብረቅ ሲወርድ ሁለቱንም ጫፍ ዕቃ ይዞብህ ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ አለኝ፦
መብራትስ? ማንም አላነሳውም። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሞደሙን በባትሪ አቆይተን፣ ሜሾቹ ሞተው ቁጭ እንላለን።

ሽቦ ዘርጊው፦
ትክክል። ለራውተር የሚሆኑ ትንንሽ ባትሪዎች አሉ። የቻርጀሩን ጽሑፍ እዩ፣ አንዳንዱ 12 ቮልት ነው፣ ሌላው 9። አምፔሩም የባትሪው ከዕቃው ማነስ የለበትም። ለሞደሙና ለዋናዋ ፍሬ መጀመሪያ፣ ከዚያ ለእናትየው ክፍል። ተማሪዎቹ በጨለማ ትንሽ ይረፉ።

የማራኪው ልጅ፦
ጋሼ ሽቦ ዘርጊው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሞደሙን ወደ ደረጃው አፍ አመጣሁት፣ በዚያ ብቻ እናቴ ክፍል ከ3 ወደ 8 ወጣ፣ ገና ምንም ሳልገዛ! ከዚያ ሁለት ፍሬ እዚሁ ገዛሁ፣ አንዷን ከሞደሙ ጋር በኬብል አያያዝኳትና አክሰስ ፖይንት ሞድ አደረግኳት፣ ሌላዋን ደረጃው ሥር። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና 22 ይመጣላታል። ትናንት ከወንድሜ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች፣ እኔ ሰልችቶኝ ወጣሁ።

ለሰርቪስ ቤቱ ሦስተኛ ፍሬ ጨምሬ በኬብል አገናኘኋት፣ ለተማሪዎቹ የእንግዳ ስም ከፈትኩላቸው፣ የኛን ፓስወርድ አያውቁም። ማታ ማታ አራቱም ፊልም ሲያወርዱ ግን እኛም እንንቀራፈፋለን፣ እሱን ሜሽ እንደማይፈታው ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ ፍሬዋን በረንዳው ላይ አንደኛው ክፍል አጠገብ ነው የሰቀልኳት፣ አራተኛው ክፍል ያለው ልጅ ቀን ደህና ነው፣ ማታ ይጠፋብኛል ይላል። ማታ ምን ይለወጣል?

የፒያሳዋ፦
በሩ ብረት ነው?

የማራኪው ልጅ፦
አዎ፣ የሁሉም ብረት ነው።

የፒያሳዋ፦
ቀን ከፍቶት ነው የሚውለው፣ ማታ ይዘጋዋል። መስኮቱስ?

የማራኪው ልጅ፦
መስኮቱ በጀርባ በኩል ነው። ኧረ በስመ አብ! ነገ ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል መሃል አምጥቼ ኮርኒሱ ሥር እሰቅላታለሁ፣ ኬብሉ ከደረሰ።