ክርክር፦ የተጣራ የፋብሪካ ፍሳሽ ለኮምቦልቻ መስኖ ይዋል?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ መጨረሻው ቦርከና ነው። በበጋ ገበሬው ከዚያው ወንዝ ይጠልፋል። ታዲያ ፍሳሹ በደንብ ተጣርቶ በይፋ ለመስኖ ቢሰጥስ? እኔ ይሁን ባይ ነኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከርን ካውንቲ፣ ከድፍድፍ ነዳጅ ጋር የሚወጣውን ውሃ ሳይቀር አጣርተው፣ ከንጹህ ውሃ ጋር ቀላቅለው አልሞንድና ብርቱካን ያጠጡበታል። እኛን ምን ይይዘናል?

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ፦
ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የከርን ውሃ ሲወጣም ጨዋማነቱ ዝቅተኛ ነው። በምዕራብ ቴክሳስ ከነዳጅ ጋር የሚወጣው ግን በአብዛኛው ጨዋማነቱ ከባህር ውሃ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙውን መልሰው መሬት ውስጥ ይቀብሩታል። እሱም የመሬት መንቀጥቀጥ አስከትሏል።

“ተጣርቷል” ብቻውን አይበቃም። ከምን ተጣራ? ጨርቅ ቀለም ሲነከር ብዙ ጨው ይገባበታል። ቆዳ ሲለፋ ክሮሚየም የሚባል ብረት አለ። የተለመደው ማጣሪያ በባክቴሪያ የሚሠራ ነው፤ የሚበሰብሰውን ይበላል፣ የሟሟውን ጨው ግን እንዳለ ያሳልፋል። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም እያደር አፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል። በተለይ ዋልካ መሬት ይደድራል፤ ውሃ አያሰርግም። ያን መሬት ማን ይመልስልናል?

የሐረጎው፦
አቦ እህቴ፣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማጣሪያስ? ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ መልሶ እንዲጠቀምበት ነው የተሠራው።

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ፦
እኔም የምለው እሱን ነው! ውሃው ወደ ፋብሪካው ይመለስ። ማጣሪያው ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የሚለየው ጨውና ዝቃጭም መድፊያ ይፈልጋል። ወጪው ግን የገበሬው ማሳ ላይ መውደቅ የለበትም።

ከቃሉ፦
ወላሂ፣ እናንተ ስለ ነገ ትከራከራላችሁ። አባቴ ዛሬ ቲማቲሙን የሚያጠጣው ሌላ ውሃ አጥቶ ነው። ብትከለክሉት ሌሊት ይጠልፋል። ቢያንስ የወንዙ የምርመራ ውጤት በየወሩ ቀበሌ ላይ በአማርኛ ይለጠፍለት። ጨዋማ በሆነ ወር ምን እንደሚያደርግ ራሱ ያውቃል።

የቦርከና ልጅ፦
ይሄ ልክ ነው። አቋሜን ግን አልተውኩም። ለምን ሁሉንም ፍሳሽ አንድ ላይ እናያለን? የቆዳውና የቀለሙ ለብቻው ይያዝ። የቢራ ፋብሪካው ፍሳሽ በአብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው። እሱ ተጣርቶ ለመስኖ ይሰጥ።

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ፦
ጋን ማጠቢያው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ እሱም ሶዲየም አለው። መጠኑ ተለክቶ ዝቅተኛ ከሆነ እስማማለሁ። ሳይለካ ግን አንድ ማሳ ላይ አይፍሰስ።