ልጅ ይዞ የመጀመሪያው የዱር አዳር፦ የት ይሻላል? ምን ይያዝ? (ጥቆማ)

“ልጄን አደን ልወስደው እፈልጋለሁ፤ አንድ ሌሊት እዚያው እናድራለን፤ የት ትመክሩኛላችሁ?” የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ አባቶች ናቸው። የአያቶቻቸውን የአደን ወግ እየሰሙ ያደጉ፣ ከዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ለልጃቸው ማውረስ የሚፈልጉ። ጥሩ ፍላጎት ነው። የማውቀውን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

የጠመንጃውን ጉዳይ በቅድሚያ እንጨርስ። አገራችን ውስጥ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ለዚሁ የወጣ አዋጅ አለ፤ የሚመለከተውም የዱር እንስሳት ባለሥልጣን አለ። ሕጋዊው የስፖርት አደን የሚካሄደው ለዚሁ በተከለሉ ቀጠናዎች፣ ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች በኩል ነው። ሒሳቡ በዶላር ነው። ደንበኞቹም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ለቤተሰብ የሚሆን ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

ግን ከአደን ላይ ተኩሱን ብታነሱት የሚቀረው ብዙ ነው። ጎህ ሳይቀድ መነሳት አለ። ዱካ መከተል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት፣ ቁጥቋጦ ተጠግቶ ዝም ማለት አለ። የ8 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ልቡ የሚመታው ለዚህ ነው። ሴት ልጅ ያላችሁም ይህ ለወንድ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቀሯት። ዝም ብሎ በመጠበቅ ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ይበልጣሉ።

ቦታ ስመርጥ የማየው አንድ ነገር ነው። ልጁ ከመኪና ወርዶ፣ በእግሩ እየሄደ እንስሳ ማየት ይችላል ወይ? ታላላቅ ስም ያላቸው ቦታዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ልጅ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ሲያይ ይሰለቸዋል። ሁለት መቶ ሜትር ዱካ ተከትሎ አንድ ድኩላ ቢያይ ግን ወሬው አያልቅም።

በዚህ ሚዛን የእኔ አንደኛ ዲንሾ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ በኩል ይኬዳል። (በቆጂ ላይ ሻይ ጠጡ። ቀነኒሳና ጥሩነሽ የተገኙበት ከተማ መሆኑን ለልጁ ንገሩት፤ ወርዶ መሮጥ ያምረዋል፣ እግሩም ይፍታታል።) ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዲንሾን የምመርጠው በቅርስነቱ አይደለም። ጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ባለው የጥድና የኮሶ ዛፍ ውስጥ የደጋ አጋዘን፣ ድኩላና ከርከሮ በእግር ጉዞ ይታያሉ። እንስሳቱ ሰው ለምደዋል፣ በጣም አይሸሹም። የደጋ አጋዘን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የሳይንሱ ዓለም ያወቀው እንኳ ገና በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ወንዱ ጠምዛዛ ቀንድ አለው፣ ሴቷ ቀንድ የላትም። ልጁ ይህን አስቀድሞ ካወቀ ራሱ ለይቶ ይነግራችኋል። በዚያው አቅራቢያ ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ አለ፤ በማለዳ ከሄዳችሁ መንጋውን ታገኛላችሁ።

እዚያ የምትቀጥሩት የአካባቢው አስጎብኚ ነው ትልቁ አገልግሎት። ዱካና ኩስ እያሳየ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ያስረዳል። ልጁ ጆሮውን ሰጥቶ የሚያዳምጠው እሱን ነው፣ አባቱን አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት “ረጅም ጉዞ አንፈልግም፣ ልጁን ዱካ አስተምርልን” በሉት። ልጁ ቢደክመው የሚቀመጥበት ፈረስም ይከራያል። የአስጎብኚውን፣ የጥበቃውንና የፈረሱን ሒሳብ ለየብቻ ጠይቃችሁ፣ ተስማምታችሁ ውጡ።

የዲንሾ ችግር ብርዱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል። ድንኳን ካሰጋችሁ እዚያው ሎጅ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንዱን ሌሊት ቤት ውስጥ፣ ሁለተኛውን ድንኳን ውስጥ ማሳለፍ ጥሩ ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ሰነቴ እስከሚባለው የፓርኩ ከፍተኛ ሜዳ ድረስ መውጣት ይቻላል፤ ግን ሜዳው ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በቀን ደርሳችሁ ተመለሱ። ትንሽ ልጅ ይዞ እዚያ ማደር አይገባም። ልጁ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ምግብም እንቢ ካለ ሳትጠብቁ ዝቅ ወዳለችው የሮቤ ከተማ ውረዱ። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጡ ልጆች ካሉ ደግሞ መጀመሪያ አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ይቆዩ። ሰውነታቸው ከፍታውን አልለመደም።

ባሌ ሩቅ ነው የምትሉ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ያላችሁ፣ ወይም ልጁ ገና 5 እና 6 ዓመቱ ከሆነ መናገሻ ሱባ ይሻላችኋል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ደን ነው። እንደሚነገረው የጥዱን ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በ15ኛው መቶ ዘመን መሆኑ ነው። ጉሬዛ በቀላሉ ይታያል። የምኒልክ ድኩላም አለ፣ እሱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋናው ጥቅሙ ግን ቅርብነቱ ነው፦ ልጁ እኩለ ሌሊት ላይ “ቤት እንሂድ” ብሎ ቢያለቅስ መኪና አስነስታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። መግቢያው አካባቢ ያለው መንገድ በዝናብ ጊዜ ስለሚጨቀይ በክረምት አልመክርም።

ሦስተኛው የላንጋኖ ሐይቅና የአብያታ ሻላ ፓርክ ነው። ሁለቱ አስፋልቱን ይዘው ፊት ለፊት ናቸው ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ላንጋኖ ዳር ድንኳን መትከል የሚፈቅዱ ሎጆች አሉ፤ መጸዳጃና ሻወር ስላለ እናቶች ይመርጡታል። ጠዋት ወደ ፓርኩ ተሻግሮ ከጠባቂ ጋር በእግር ሰጎንና የሜዳ ፍየል ማየት ይቻላል። ፍላሚንጎም አለ፤ ነገር ግን የአብያታ ውኃ ክፉኛ ስለሸሸ ሐይቁ ዳር ለመድረስ ረጅም መንገድ ነው። ጭቃው እግር ስለሚውጥ ልጁን ወደ ዳሩ አትልቀቁት። እዚህ ብርድ የለም፣ ወባ ግን አለ። አጎበር ያለው ድንኳን ወይም አጎበር ለብቻው የግድ ነው። ቅዳሜ ማታ የሙዚቃው ድምፅ እስከ ሌሊት የሚዘልቅበት ቦታ ስላለ በሥራ ቀን ብትሄዱ ይመረጣል። ሙዚቃ ባለበት የጅብ ድምፅ አይሰማም፣ ልጁ ደግሞ የመጣው ለእሱ ነው።

አዋሽ ፓርክን ብዙ ሰው ቀድሞ ያነሳዋል። ሳላ (ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ ያለው የሜዳ እንስሳ) አለ፣ ፏፏቴው አለ፣ ፍል ውኃው አለ። ውብ ቦታ ነው፤ ግን የመኪና ፓርክ ነው። ሙቀቱ ለልጅ ይከብዳል። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ። ካምፑ ላይ ዝንጀሮ ምግብ ይቀማል። በ2017 እዚያው ባለው በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥም አይረሳ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ስለሁኔታው ጠይቁ። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ብትወስዱት የበለጠ ይደሰትበታል። በሻሸመኔ በኩል የምታልፉ ደግሞ የሰንቀሌን የቆርኬ መጠለያ አስቡበት። ቆርኬ (ከአጋዘን ወገን የሆነ የሜዳ እንስሳ) ሜዳው ላይ በግልጽ ይታያል፤ ለግማሽ ቀን በቂ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ግን ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ወደ ቦታው ደውላችሁ አረጋግጡ። ያለፈው ወር መረጃ ለዛሬ አይሠራም። ማታ አትንዱ።

ጉዞውን በአስጎብኚ ድርጅት ይሻላል ወይስ በራስ? መኪና ካላችሁ በራስ። ድርጅቶቹ የሚያዘጋጁት ፕሮግራም ለቱሪስት የተሰፋ ስለሆነ ብዙ ቦታ ያጣድፋል። ልጅ ደግሞ አንድ ጉንዳን ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። መኪና ከሌላችሁ ግን ድንኳን፣ ምግብና ሹፌር በአንድ ሒሳብ ማግኘት ዕረፍት ነው። በዚያ ጊዜ “ልጅ አለን፣ ፕሮግራሙን አሳጥሩት” ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ከሁሉም የሚቀድመው መኝታ ነው። ልጅ የሚበርደው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ነው። መሬቱ ሙቀት ይስባል። ስለዚህ መጀመሪያ ላስቲክ አንጥፉ፣ ከዚያ መርካቶ በልክ የሚቆረጠውን ስፖንጅ። ይህ ከውጭ ከሚመጣው ውድ የካምፕ ፍራሽ በምንም አያንስም። ጉዳቱ ቦታ መያዙና እርጥበት መምጠጡ ነው። ለመኪና ጉዞ ግን ተመራጭ ነው። ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ መለያው ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥር ይኖራል። ከፍ ያለው ቁጥር ተመችቶ የሚተኛበት ነው፤ ዝቅ ያለው ደግሞ የመጨረሻው ወሰን ነው። ለልጅ ከፍ ያለውን እመኑ። ካላገኛችሁ አትጨነቁ። የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ሁለት፣ ከላይ ጋቢ፣ ዲንሾንም ይችላል።

ድንኳን መግዛት አያስፈልግም። ልጁ ይወደው አይወደው ሳይታወቅ ገንዘብ ማውጣት ነው። ተከራዩ። ግን ቤት ወስዳችሁ ግቢ ውስጥ ወይም ሳሎን ተክላችሁ ሞክሩት። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ አከራይ የወሰድኩት ድንኳን ዚፑ የማይዘጋ፣ ችካሉም ግማሹ የሌለ ነበር። ደግነቱ ያየሁት ከመነሳቴ በፊት ነው። ድርብ ሸራ ያለውን ምረጡ። ነጠላው ሌሊት ከትንፋሽ በሚጠራቀም ጤዛ ውስጡ ይረጥባል።

ባይኖኩላር ላይ ግን አትቆጥቡ። የፕላስቲክ መጫወቻው ምንም አያሳይም፣ ልጁም በአሥር ደቂቃ ይጥለዋል። 10 እጥፍ የሚያጎላው ደግሞ በትንሽ እጅ ይንቀጠቀጣል። 6 ወይም 8 እጥፍ የሆነ ቀላል ይበቃል። የባይኖኩላሩ ሁለት ማያዎች በልጁ ፊት ልክ ተጠጋግተው መታጠፋቸውን ሱቁ ውስጥ በልጁ ዓይን ሞክሩ። የግንባር ባትሪ ለየራሳችሁ ያዙ፤ ሌሊት ሽንት ቤት ሲኬድ እጅ ነጻ ይሆናል። ልጁ ብቻውን እንዳይወጣ ግን አጥብቃችሁ ንገሩት።

ልብስ ከሳልቫጅ ግዙ። የሱፍ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ዝናብ የሚከላከል ጃኬት፣ ሁሉም በደህና ዋጋ ይገኛል። ጂንስ አታልብሱት፤ ከረጠበ አይደርቅም። ቀዩንና ነጩን ትታችሁ ቡኒና አረንጓዴ ምረጡ። ለመተኛ ንጹሕ፣ ደረቅ ካልሲ ለብቻው ይቀመጥ።

ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። አርሲና ባሌ ስታልፉ ጭኮ ግዙ። ቅቤ ስላለው በብርድ ኃይል ይሰጣል። ለማታ ፔርሙዝ ሙሉ ትኩስ ሻይ ይኑር። ምግቡን ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፣ መኪና ውስጥ ቆልፉት። እንጨት ከፓርኩ መልቀም ክልክል ነው። እሳት የት እንደሚፈቀድ ጥበቃውን ጠይቁ፤ ባሌ ላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል።

ጠዋት ስትወጡ ትንሽ አመድ በላስቲክ ቋጥራችሁ ለልጁ ስጡት። እየቆነጠረ ይበትነው፣ አመዱ ወደየት እንደሚሄድ ይይ። ወደ እንስሳው ከሄደ ነፋሱ ጠረናችሁን ያደርስበታልና ዞራችሁ በሌላ በኩል ቅረቡ። ይህን ሥራ ለልጁ ብቻ ተዉለት፣ መሪው እሱ ይሁን።

አርባ ምንጭ ያላችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ ነጭ ሣር ፓርክ ያደራችሁ ካላችሁ ጨምሩበት። በተለይ የጀልባውንና የጥበቃውን ሁኔታ ብትጽፉ ብዙ ወላጅ ይጠቀማል።