ጀልባዬን ለብርዱ ወራት ውሃ ላይ ልተወው?

12 ሜትር የሚረዝም፣ 14 ቶን የሚመዝን የብረት ጀልባ አለኝ። በመስከረም ከፓሪስ ተነስቼ በሴን ወንዝና በዮን ወንዝ፣ ከዚያ በፈረንሳዩ የቡርጎኝ ቦይ አድርጌ ሴን ዣን ደ ሎን የምትባል የወደብ ከተማ ለመድረስ አስቤያለሁ። ቦዩ ብቻውን 242 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ 189 የውሃ በሮች አሉት። በችኮላ የሚታለፍ መንገድ አይደለም። ቦዩ የሚያልፍበት የፑዪ ዋሻ ቁመት አሳስቦኝ ነበር፤ የጀልባውን ጣሪያ አጥፌ ስለካው ያልፋል።

የጨነቀኝ ማቆሚያው ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ትቼው መሄድ አለብኝ። አንዱ ወደብ ሞልቷል። የሌላው ክሬን ከ10 ቶን በላይ አያነሳም፤ ውሃ ላይ ይቀመጥ አሉኝ። ሞተሩ በቦዩ ውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፤ እሱን አፍስሼ ፀረ በረዶ ፈሳሽ እሞላበታለሁ። ቧንቧዎቹንም ባዶ አደርጋለሁ።

ግን ሰው በሌለበት ዙሪያው በረዶ ቢጋገር የብረት ቀፎው ይችለዋል ወይስ ትልቅ ክሬን ያለው ወደብ ልፈልግ?