አልማዝ ባለጭራው ድኖ ሕመሙ አልለቅ አለ፣ ለእናቴ ምን ላድርግ?

የኮዬዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፣ 64 ዓመቷ ነው። ከአምስት ወር በፊት አልማዝ ባለጭራ ከጀርባዋ እስከ ጡቷ ሥር ወጣባት። ቁስሉ ደርቋል፣ ሕመሙ ግን ያው ነው። ያቃጥላታል። ነጠላ ሲነካት እንኳ ትጮኻለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳይጠጋት ስትል ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሁሉ ትታለች። ዳይክሎፌናክ ምንም አላደረገላትም። ጎረቤት "ድነሽ የለ እንዴ?" ሲላት ታለቅሳለች። የዳነ ቁስል እንዴት ያማል?

የአባዶው፦ አይዞሽ እህቴ፣ አባቴንም እንዲሁ አሠቃይቶት ነበር። ልብሱ እንዳይፈትገው ከውስጥ ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ አደረግንለት፣ ትንሽ አሳረፈው።

ተመራማሪው፦ የምሠራው ነርቭና የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሕመምን እንዴት እንደሚያቆዩት ላይ ነው። የእናትሽ ሕመም እውነተኛ ነው፣ ይህን መጀመሪያ ንገሪያቸው። ቫይረሱ ያው ጉድፍ የሚያስይዘው ነው፣ አከርካሪ አጠገብ ባለው የነርቭ ሥር ለዓመታት አድፍጦ ይቆያል። ሲነሣ ቆዳውን ብቻ ሳይሆን ነርቩንም ይጎዳል። የመከላከያ ሴሎች ሊያጠፉት ይሰበሰባሉ፣ የሚያመነጩት ኬሚካል ግን ነርቩን ያስቆጣዋል። በእንስሳት ላይ እንደታየው ነርቭ ሲጎዳ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሴሎችም ምልክቱን ያጎሉታል። ማቃጠሉን ለመረዳት በርበሬን አስቢ፦ የሚያቃጥለን ነርቭ ላይ ባለ ተቀባይ፣ ማለትም ስሜቱን በሚቀበል ፕሮቲን በኩል ነው፣ የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን በ1997 እ.ኤ.አ. ለይቶታል፣ እሱም በ2021 ኖቤል ተሸልሟል። ይህ ተቀባይ የሚነቃው ሙቀቱ 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ እነዚያ ኬሚካሎች ሲያገኙት ግን ከዚያ በታችም ይነቃል። ደግሞ ሚጥሚጣ ቀቢያቸው የሚልሽ ካለ እንዳትሰሚ።

ፋርማሲስቷ፦ ዳይክሎፌናክ ለነርቭ ሕመም እምብዛም ነው፣ ሲቆይ ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ይታዘዝላቸው እንደሆነ ሐኪም ጠይቂ። በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ለውጡ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ስለሚያዞር ሌሊት ሲነሡ ደግፊያቸው። ልብ፣ ኩላሊት ወይም የዓይን ግፊት ካለባቸው አስቀድመሽ ተናገሪ። ለሌሎቻችሁም፦ በአንድ ጎን ብቻ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ዓይን አካባቢ ከሆነ አንድ ቀንም አትደሩ።

የኮዬዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ደም ግፊት አለባት፣ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዘን ሰኞ እንሄዳለን። ተመራማሪው የጻፈውን አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና "ለነዚያ ለጎረቤቶቻችንም አንብቢላቸው" አለችኝ።